አባቴ ያቆሙት ብዕር

ሁለቱም እጆቼ ከተወለድሁ ጀምሮ ብዕር አይጨብጡም። ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ አባቴ ይጽፋሉ። በጣና ዳር ገዳማት ብራና ሲጽፉ ያረጁ ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ከተሰጣቸው ቃል ላይ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ሌላው ደራሲ ብቻውን ይዋሻል፣ ብቻውን ይሰርዛል። የእኔ ረቂቅ ግን ገና ከአፌ ሲወጣ ሰሚ አለው። ዓረፍተ ነገሬ አጭር የሆነው ለውበት አይደለም፤ ከመናገሬ በፊት በሆዴ አሥር ጊዜ ስለማገላብጠው ነው።

ባለፈው ክረምት ከመጽሐፌ የቀረኝ አንድ ምዕራፍ ነበር፤ የልጅነቴ። ለወራት ሸሸሁት። ያለ እሱ መጽሐፉ ውሸት ነው፤ የምከሰው ሰው ደግሞ ጸሐፊዬ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ተቀመጡ። ጀመርሁ።

«ጣና ዳር ቁንዝላ ሳለን እኩዮቼ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ እኔን አባቴ በጀልባ ጠበል ይወስዱኝ ነበር። ሰባት ዓመት። እጄ አልዳነም።»

ብዕሩ ይንቀሳቀሳል።

«ለሰው ሁሉ ሲጽፉ ለእኔ ፊደል አላስቆጠሩኝም። ያፍሩብኝ ነበር።»

ብዕሩ ቆመ።

ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበዋል።

«አባባ፣ ይጻፉት እንጂ።»

«ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር የለም እንዴ፣ ልጄ?»

«የእኔ ሆድ ሞልቷል።»

እጄ ቢታዘዘኝ ወረቀቱን ነጥቄ ራሴ እጽፈው ነበር። በዚያች ደቂቃ ጠላኋቸው፤ አልደብቅም።

«ቁም ጸሐፊ ይቀንሳል እንዴ?» አልኋቸው። የት እንደሚወጋቸው አውቄ ነው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉት። ጻፉ። የእኔ ቃል አልቋል፤ ብዕሩ ግን አሁንም ይሄዳል። ሲጨምሩ አይቼ አላውቅም።

«ምን ጨመሩ?»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞሩት፤ ዘግይቼም ቢሆን ከሌላ ሰው ማንበብ ተምሬአለሁ። ከእኔ ቃል ሥር፣ በዚያ በብራና ጽሕፈታቸው፦ «እውነት ነው፤ አፍሬ ነበር። ይህን የጻፍሁት አባቷ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ቁም ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ለእጁ ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ይለምናል፤ የሙያው ልማድ ነው። አባቴ በእኔ ወረቀት ላይ እንዲህ ጽፈው አያውቁም ነበር።

«ካልፈለግሽው እሰርዘዋለሁ» አሉኝ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

«ይቆይ» አልሁ።

ብዕሩን ይዘው ጠበቁኝ። አሥር ጊዜ ያገላበጥሁት ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር።