የበቆሎው ጆንያ

ጣሊያን መቱ በገባ ጊዜ እኔ በስንፍና የታወቅሁ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ስንፍናዬ የእጅ አልነበረም፤ በመስፋትና በጥልፍ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ስንፍናዬ የእግር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ስለነበር ያደግሁት ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጬ ነው። እስከ ገበያው ጥግ ሄጄ ስመለስ እንኳ ወገቤን ይዤ «እፎይ» እል ነበር። አማቴ የዳሪሙ ገበሬ ልጅ ናቸው። መጀመሪያ ያዩኝ ዕለት ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኝተውኝ «ይህቺ ልጅ ጥላ ትወዳለች» አሉ ይባላል። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬም እወዳለሁ።

በባሌ ወገን ልማድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ተጠግታ አትቀመጥም፤ ፊት ለፊታቸው አፏን ከፍታ አትበላም። ኦሮሞዎቹ ለጉ ይሉታል። በዚህ በኩል እኔ ጎበዝ ነበርኩ፤ ተቀምጦ ማፈር እግር አይጠይቅማ! አማቴም በበኩላቸው ምራት ምን እንደምትታዘዝና ምን እንደማትታዘዝ አጥብቀው የሚያውቁ ሴት ነበሩ። «ውሃ ቅጂ» ይላሉ፤ «ዱቄት ንፊ» ይላሉ። ከዚያ ያለፈ ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

ክረምቱ እንደገባ ባሌን ለመንገድ ሥራ ወሰዱት። የሠራተኞቹ ሰፈር ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው አቀበት ጫፍ ነው። እሑድ እሑድ ቤተሰብ ስንቅ ማቀበል ይችላል። ግን ማን ይሂድ? ወንድ ከሄደ እዚያው አካፋ ያስይዙታል። በቅሎ የተባለ ሁሉ የጦሩን ዕቃ ሊሸከም ተነድቷል። የአማቴ ጉልበት ካበጠ ቆይቷል፤ ከቤት እስከ ጓሮ እንኳ በበትር ነው የሚሄዱት። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ችግሩም እሱ ነው። በዚያ ላይ በጋው ሲገባ ሠራተኞቹን ወደ ሩቅ አገር ሊያዛውሯቸው ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ከሄዱ በኋላ ማን የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም።

በመጀመሪያው እሑድ ስንቁን አዝዬ ወጣሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ማዶ ያለውን አቀበት ቀና ብዬ አየሁና ቁጭ አልኩ። ጎረቤታችን የሆነች ሴት ስታልፍ አግኝታኝ ስንቁን ተቀብላኝ ሄደች፤ እኔ እያለቀስኩ ተመለስኩ። አማቴ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። በማግሥቱ ግን ማለዳ ትልቁን እንስራ አውጥተው ደጃፍ ላይ አቆሙልኝ።

«ምንጩ ድረስ» አሉኝ። «ሱታ።»

ሱታ ማለት ቀስ ብለሽ ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እንቁላሉ ወገቡን ይመመው አይመመው ግን ተረቱ አይናገርም። እኔን ያመኝ ነበር። ምንጩ ከቁልቁለቱ ሥር ነው፤ ባዶ እንስራ ይዤ ስወርድ እዘፍናለሁ፣ ሞልቼ ስወጣ እረግማለሁ። ውሃውን ስለምደው እንስራው ቀረና ጆንያ መጣ። በጆንያው ውስጥ በቆሎ አለ። አማቴ በየጊዜው አንዳንድ ጣሳ ይጨምሩበታል፤ እኔ እሱን አዝዬ ቁልቁለቱን ወርጄ እወጣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኛል። «ምነው፣ ወፍጮው ተሰደደ እንዴ?» ይሉኛል። በቆሎ ይዤ ሄጄ ያንኑ በቆሎ ይዤ ስመለስ ለሚያየኝ በእርግጥ ጤነኛ አልመስልም።

መጽናኛዬ ቡና ቀላ ነበር። ደረቁን የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤና በጨው ጠብሰው አማቴ በትንሽ ዋንጫ ይዘው ደጃፍ ላይ ይጠብቁኛል። እንደዚያ በከፋ ዘመን ያንን ቅቤ ከየት እንደሚያመጡት እግዜር ይወቅ። ዋንጫውን ከጎኔ ያስቀምጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፤ እኔ ልማዱን ሳልጥስ እንድበላ ነው። ጀርባቸውን እያየሁ፣ ፍሬው በጥርሴ መሀል ሲፈነዳ፣ ቅቤው በጣቶቼ ሲወርድ፣ አገሩ በጠላት እጅ መሆኑን ለጥቂት ጊዜ እረሳው ነበር። ከዚያ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ «ጀባዹ» ይሉኛል፤ በርቺ ማለታቸው ነው።

ክረምቱ አለፈ። መስቀል ሲቃረብ እኔ ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። ባቴ እንደ ሎሚ ጠጠረ፤ ጆንያውን አዝዬ ዳገቱን ስወጣ ከሰው ጋር አወራለሁ። ቅዳሜ ዕለት ወደ ጎረቤታችን ነጋዴ ሱቅ ገባሁ። ቡና የሚጭንለት በቅሎ ስላጣ ሥራ ፈትቶ የሚውል፣ ሳቅ የሚወድ እስላም ሽማግሌ ነው። ትልቁ የቡና ሚዛኑ ያለ ሥራ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ፣ ነገ ስንቁን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ» አልኩት እየተኩራራሁ።

«ስንቁን?» አለኝ። «ስንቁን ብቻ?»

«ሌላ ምን አለ?»

መሳቅ ጀመረ፤ ጥምጣሙ እስኪፈታ ሳቀ። «ወላሂ፣ አልነገሩሽም ማለት ነው! አደራ ብለውኝ ነበር፤ ግን አንቺም የቤቱ ሰው ነሽ።»

ከዚያ ነገረኝ። እኔ ከወንዙ ዳር በተመለስኩበት ዕለት አማቴ በትራቸውን ተደግፈው ሱቁ ይመጣሉ። ምንም ሳያፍሩ ከሚዛኑ አንደኛው ጎን ላይ ቁጭ ይላሉ። «በዚያኛው በኩል በቆሎ ጨምር» ይሉታል። ሚዛኑ እኩል እስኪሆን ያስጨምሩታል። ያንን በቆሎ ሱቁ ውስጥ አስቀምጠው እየቆነጠሩ ወደ እኔ ጆንያ ያመጡ ነበር። «ትናንት አለቀ» አለኝ ነጋዴው ዓይኑን እየጠረገ። «አሁን አንቺ ጋ ያለው በቆሎ ልክ እሳቸውን ያህላል።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ሳቅ አፈነኝ። ቤት ሳልደርስ ደግሞ እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ልጃቸው ወደ ሩቅ አገር ሳይወሰድባቸው አንዴ በዓይናቸው ሊያዩት ነው ያን ሁሉ የደከሙት። ግን የትኛዋ አማት ናት ምራቷን «እዘይኝ» የምትል? ለመጠየቅ አፍረው ጉልበት ሰጡኝ።

እሑድ ጠዋት ስወጣ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ስንቁን በኮባ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። አውቄያለሁ አላልኩም። ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጢጥ አልኩ። ከዚያ ክንዳቸው አንገቴ ላይ አረፈ። በስማቸው ጠርቻቸው የማላውቅ ሴት ትንፋሻቸው ጆሮዬ ሥር ነበር።

በሜዳው ላይ እያወረድኳቸው በበትራቸው ይራመዳሉ፤ ሲደክሙ አዝላቸዋለሁ። ወንዙን ቀሚሴን ሰብስቤ አሻገርኳቸው። አቀበቱ ላይ ግን ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፤ ከአጋማሹ ስደርስ እግሬን ከጭቃው መንቀል አቃተኝ።

«አውርጂኝና አንቺ ሂጂ» አሉኝ። «ሰላም ብላሃለች በዪው።»

«በቆሎ አይናገርም» አልኳቸው።

ጀርባዬ ላይ ሆነው መንቀጥቀጣቸው ሲሰማኝ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ለካ እየሳቁ ነው። ከዚያ እጃቸው በትከሻዬ ላይ አልፎ መጣ፤ በጣቶቻቸው መሀል ቡና ቀላ ይዘዋል። ፊት ለፊት አይደለንምና ልማዱም ብዙ አልተጣሰም። አፌን ከፍቼ ከእጃቸው በላሁ፤ ሌላም አጎረሱኝ። እንደዚያ እየጎረስኩ አቀበቱን ጨረስኩት።

ሰፈሩ ከመታየቱ በፊት «አውርጂኝ» አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በትራቸውን ጨብጠው የቀረችውን ደልዳላ መንገድ እንደ እመቤት ተራመዷት። ባሌ አካፋውን ጥሎ ሮጠ። ከስቷል፤ ግን በሕይወት አለ። እናቱ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ጥርሱን ሳይቀር መረመሩት።

«በምን መጣሽ?» አላቸው፤ ማመን አቅቶታል።

«በእግሬ» አሉት ኮራ ብለው።

ባሌ ወደ እናቱ እግር አየ። አንዲት ጠብታ ጭቃ የለበትም። ከዚያ እስከ ጉልበቴ የተለጠፈብኝን ቀይ ጭቃ አየ። ቀና ብሎ ሲያየኝ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሳቁን ሳይጨርስ እጄን ያዘኝ። በሰው ፊት እጄን ሲይዘኝ የመጀመሪያው ነበር። አማቴም ቡና ቀላ ስበላ እንደሚያደርጉት ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩልን።