የእግሬ እብጠትና የእትዬ አስካለ ምርመራ

ከመርሳ በምወጣበት ዋዜማ ማታ፣ እማዬ ተንበርክካ የአዲሱን ሸራ ጫማዬን ክር ጥርቅም አድርጋ አሰረችልኝ። «አዲስ አበባ ካላጠበቅሽው ከነእግርሽ ነው የሚወስዱት!» አለችኝ። ሳቅኩባት። ግን ላምበረት ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ የነካሁት ክሩን ነው፤ ከዚያ ወዲህም በየጠዋቱ ልክ እንደሷ ጥርሴን ነክሼ አስራለሁ።

የምንኖረው የካ ዳገቱ ላይ ነው፣ ከእህቴ ከሙሉ ጋር ተከራይተን። ብርዱን አትጠይቁኝ፤ እናንተ መርሳ ላይ ጥላ ፍለጋ ስትሯሯጡ እኔ ጋቢ ተከናንቤ አጠናለሁ። ማንጎ ደግሞ እዚህ እንደ ወርቅ በሚዛን!

ከክፍሌ ልጆች ጋር ሁለት ቅዳሜ እንጦጦን ወጥቼ ወረድኩ። በሁለተኛው ማግስት የእግሬ ጀርባ እንደ አምባሻ ኩፍ አለ። አከራያችን እትዬ አስካለ አንዴ አይተው ምርመራቸውን ጨረሱ።

«ረግጠሻል።»

«ምን ረገጥኩ እትዬ?»

«ሰው የጣለውን ነዋ! መተት የረገጠ እግር በረንዳዬን አይረግጥም።»

«ታዲያ ሽንት ቤት በየት ልሂድ?»

«በአጥሩ ዙሪ።»

ሊቅ እኮ ናቸው! ሙሉንም «እስከ እሁድ ካልጎደለ ቤቴን ልቀቁ» አሏት። ሙሉ አለቀሰች፤ «እማዬ ከሰማች ነይ ትልሻለች፣ ትምህርትሽም አለቀ» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ እግሬን ነካክታ «ምን ረገጥሽ?» አትለኝም! እሷም? ለካ ሚስማር ማለቷ ኖሯል። ቀጥላ የክሩን ሰንበር አየች።

«ጅማቱን የተጫነው ክሩ ነው፣ ዳገቱ ደግሞ አባሰው። አላልተሽ እሰሪ፣ እረፊ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢበት፣ ስትተኚ ትራስ ላይ ስቀይው። ከቀላ፣ ካተኮሰሽ ወይም መርገጥ ካቃተሽ ቶሎ ተመለሺ።»

በግቢው ፍሪጅ ያለው ማን ቤት ነው? እትዬ ቤት! ሙሉ በረዶ ለምና አመጣች። አርብ እብጠቱ ሲጎድል እትዬ ለግቢው ሁሉ «መተቱን ያቀዘቀዘው የኔ በረዶ ነው» ብለው አወጁ፤ በረንዳውንም ፈቀዱልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር!

ቅዳሜ እማዬ ደወለች።

«ክሩን ታጠብቂያለሽ አይደል፣ ልጄ?»

እግሬ ትራስ ላይ ነው፣ ጫማው አልጋ ሥር አፉን ከፍቷል።

«አዎ እማ፣ ልክ እንዳንቺ።»

ስልኩ ሲዘጋ አንዱን ክር መዘዝኩና የእሷን ቋጠሮ ጣቴ እንዳይረሳው አልጋው እግር ላይ አሰርኩት፣ ጥርቅም አድርጌ። የአልጋ እግር አያብጥም።