የማላውቀው ሰው

የዚያ ጉዳይ ጠቅላላ ወጪ አንድ የክረምት ካፖርት፣ ስድስት ሸሚዝና አንድ ሰው ነው። ሸሚዞቹን በሁለት ምልልስ ተካኋቸው። ካፖርትም በዓመቱ ገዛሁ፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው የተሻለ። ለሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ መተኪያ አላገኘሁም። ያልፈለግሁ እንዳይመስላችሁ።

ነገሩን ያነሳብኝ ቆሎ ነው። ባለፈው ሳምንት ከጉርድ ሾላ ወደ ሲኤምሲ በሚኒባስ እሄድ ነበር። ልጆቼ የገዙልኝ መኪና ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ትሰበስባለች። ለጠየቀኝ ሁሉ ዓይኔ ደክሟል እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ዓይኔ ያን ያህል አልደከመም፤ ሚኒባስ ውስጥ ሰው አለ። እና አጠገቤ የተቀመጠች ጎልማሳ ሴት ከቦርሳዋ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አውጥታ፣ “አባባ፣ ይያዙ” አለችኝ።

“ከየት ነው?”

“ከደብረ ሲና። እህቴ ልካልኝ ነው።”

አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ጥርሴ የሚችለው ገብሱን ብቻ ነው፤ ሽምብራውን እንደ ከረሜላ አገላበጥኩት። ሴትየዋ ቆሎው ያልጣመኝ መስሏት ይሆናል።

በደርግ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምኖረው ቦሌ ሚካኤል፣ በክረምት ጭቃው ጫማ በሚያስቀርበት ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። የቀበሌ መታወቂያዬ “ልብስ ሰፊ” ይላል። መርፌ ይዤ አላውቅም። በየሁለት ሳምንቱ “ክር ልገዛ ነው” ብዬ ከሊቀመንበሩ የይለፍ ወረቀት እቀበልና ባቲ ድረስ እወርዳለሁ። ከጠረፍ በኮንትሮባንድ የገባ ሸሚዝ እገዛለሁ፤ ከዚያ ለብሼው እመጣለሁ። ለብሼው ስል አራቱንም አምስቱንም ደራርቤ ማለቴ ነው። ፈታሽ ሻንጣ ይከፍታል እንጂ ሰው አይልጥም።

ይማምን ያገኘሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ከኮምቦልቻ የተሳፈረ ረጅም፣ ቀጭን መሆን የሚገባው ግን ያልቀጠነ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከጆሮው ሥር ላቡ ይንጠባጠባል። በሸዋ ሮቢት ሙቀትም ቢሆን እንደዚያ የሚያልበው ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ የሙያ ባልደረባዬ ነው። እሱም እኔን ሲያይ ቆይቶ ጠጋ አለና፣

“ስንት ነው?” አለኝ።

“ምኑ?”

“የለበስከው።”

“አራት።”

“አብሽር ወንድሜ፣ እኔ ስድስት ነኝ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ተመላለስን። ሸቀጡንም በጋራ መግዛት ጀመርን። ምግባችን ግን ችግር ነበረበት። እሱ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ የኔን ሥጋ እሱ አይበላም፣ የሱን እኔ አልበላም። በዚያ ላይ የኔ ጾም አያልቅም። ማንም የማይከለክለን ቆሎ ብቻ ነበር። ደብረ ሲና አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት እንገዛለን፤ የጣርማ በርን ጉም እያየን፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለአንድ ጊዜ እንኳ ደራርቦ መልበስ ሲጠቅመን፣ እስከ ሰንዳፋ ከአንድ ወረቀት እንቆረጥማለን። ገብሱ ለኔ፣ ሽምብራው ለሱ። ያኔ ጥርስ ነበረን፤ እንዲሁ ተለምዶ ነው።

እሱ ጠያቂ ነው፣ እኔ ተናጋሪ። እናቴ የት እንደተቀበረች፣ አያቴ ማን እንደሚባል፣ የቤቴ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ሁሉን ጠይቆኛል። እኔ ደግሞ የቦሌ ልጅነቴን እነፋለሁ። አውሮፕላን በጣሪያዬ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይጨፍራል እለዋለሁ። እሱ ከጉርድ ሾላ አልፎ አያውቅም፤ እቃውን እዚያ ያስረክብና በማግሥቱ ይመለሳል።

“አንድ ቀን ጣሪያህ ላይ ወጥቼ አየዋለሁ” ይለኛል።

“ቆርቆሮው አይችልህም፤ ስድስት ሸሚዝ ለብሰህ።”

“አውልቄ እመጣለሁዋ!”

የመንገዱ ነጋዴዎች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ እኛም ያዝነው። ሰንዳፋ ላይ አንዱ ተነስቶ ወንበር ይቀይራል። ከዚያ ወዲያ አንተዋወቅም። የከተማው መግቢያ ኬላ ላይ አንዱ ቢያዝ ሌላው ዞሮ አያይም፣ ቃል አይተነፍስም፤ ቢጠየቅ “አላውቀውም” ይላል። አንድ ሰው ከሚወድቅ ሁለት ሰው ለምን ይወድቃል? ይማም በዚህ በኩል ጎበዝ ነበር። ሰንዳፋ ላይ ፊቱን እንደ መስኮት መጋረጃ ይዘጋዋል። ኬላውን አልፈን ኮተቤ ላይ ለየብቻ ወርደን፣ በእግራችን ጉርድ ሾላ እንደርሳለን። ያኔ ቦታው ሜዳ ነው፤ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። በሩ ላይ ሲያገኘኝ እጁን ዘርግቶ፣ “ደህና ነህ ወይ፣ የማላውቅህ ሰው?” ይለኛል። ደጋግመን የምንስቀው በዚህ ነበር።

አንድ ክረምት፣ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ፣ የይማም አንገት ላይ ሦስት ኮሌታ ተደርድሮ ይታይ ነበር። ጣርማ በር ላይ አይቼው ካፖርቴን አውልቄ ሰጠሁት። “ቆልፈው” አልኩት። ሰንዳፋ ላይ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄደ። ኬላው ላይ ዝናብ ነበር። ፈታሹ ካፖርቱን አስከፈተው።

ከአውቶቡሱ ሲያወርዱት በመስኮቱ በኩል አለፈ። አላየኝም፤ አላየሁትም። ሕጉ ሠራ። እኔ በአምስት ሸሚዝ ቤቴ ገባሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቀበሌ ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል፤ የቀበሌው ጥበቃ በር ላይ ቆሟል፤ አንድ የማላውቀው ፖሊስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ይማም። ጢሙ አድጓል። ሸሚዞቹ ተወርሰው ካፖርቴ ብቻ ላዩ ላይ ቀርቷል። ፊቱ እንደ ሰንዳፋው ፊቱ ዝግ ነው።

“ጓድ በላይ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ?” አለኝ ሊቀመንበሩ።

አልጋዬ ሥር አምስት ሸሚዝ አለ። መታወቂያዬ ልብስ ሰፊ ይላል። እና ያ ፊት አለ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ “ዝም በል” ሲለኝ የኖረው ፊት። አፌ ከኔ ቀደመ።

“አላውቀውም።”

ጥበቃው ከበሩ ላይ፣ “ካፖርቱ ግን ያንተን ይመስላል” አለ እየሳቀ።

“እንዲህ ያለ ካፖርት ገበያ ሙሉ ነው።”

ፖሊሱ ወደ ይማም ዞረ። “ስሙን ከነአያቱ፣ የቤት ቁጥሩን ሳይቀር ነግረኸን አልነበር?”

ይማም ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ለፖሊሱ፣ “ተሳስቼ ነው ጌታዬ። እኔም አላውቀውም” አለ።

ሲያወጡት አንድ አውሮፕላን በቢሮው ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ። እኛ የሰፈሩ ሰዎች ለመድነው፤ ማንም አንገቱን አላነሳም። ይማም ግቢው መሃል ቆሞ አንጋጦ፣ ጅራቱ እስኪሰወር ድረስ ተከተለው። ፖሊሱም እንኳ አልገፋውም።

እኔ በልቤ “ጎበዝ” አልኩ። አየህ፣ ሁለታችንም ሕጉን ጠበቅን። ቤቴ ሄጄ ሸሚዞቹን ቦታ ቀየርኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ጥበቃው አጠገቤ መጣ። “ያ የወሎ ሰው ያሳዝናል” አለኝ። “ለካስ ዋስ ብቻ ነበር የጎደለው። እቃውን ወርሰው ጨርሰዋል። የሚያውቀው አንድ ሰው ቢፈርምለት ያኔውኑ ይለቁት ነበር።”

ስኳሩን ትቼ ፖሊስ ጣቢያው ድረስ ሮጥኩ። መታወቂያዬን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ፣ “አውቀዋለሁ፣ እፈርማለሁ” አልኩ።

“ዋስ የሌላቸው ትናንት ተጫኑ” አለ ተረኛው። “ወደ ጦር ማሠልጠኛ። ከዚያ ወደ ሰሜን ግንባር ነው።” ቀጥሎ መዝገቡን ገልጦ፣ “ለማንኛውም ሙሉ ስሙን ንገረኝ” አለኝ።

“ይማም።”

“ይማም ማን?”

ሦስት ዓመት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጬ የአባቱን ስም አልጠየቅሁትም። ሚስት ይኑረው፣ ልጅ ይኑረው፣ የት መንደር ይኑር፣ አንዱንም አላውቅም። ሁልጊዜ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ተረኛው ብዕሩን እንደያዘ ጠበቀኝ። ቢሮው ውስጥ ለሊቀመንበሩ የተናገርኩት ውሸት ለካ ከግማሽ በላይ እውነት ነበር።

ሦስት ጊዜ ባቲ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ “የቱ ይማም? እዚህ የይማም አገር ነው” ብላኛለች። ረጅም ነው አልኩ። ሽምብራ ይወዳል አልኩ። ከት ብላ ሳቀች፤ አልፈርድባትም። ልማድ ነበር እላለሁ ለራሴ፤ ፍርሃትም ነበረበት። የትኛው እንደሚበልጥ በሚዛን ለማየት ደፍሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሺህ ይሆናል። ከሞያሌ እስከ መቀሌ አብሬው ያልበላሁት የለም። ከሁሉም ጋር ኬላ ሳይኖር፣ ከአውቶቡስ ስወርድ ሰንዳፋ ላይ እንደምናደርገው ፊቴን ዘግቼ ተለያየሁ። አንዴ የተማሩት ሥራ አይረሳም።

ሚኒባሱ ሲኤምሲ ሲቃረብ ሴትየዋ ለመውረድ ተነሳች። የቀረውን ቆሎ ከነወረቀቱ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“ስምሽ ማነው?”

“ዘነበች።”

“የአባትሽስ?”

“መኮንን።” ቆም ብላ ፈገግ አለች። “ምነው አባባ፣ ያውቁናል እንዴ?”

“አላውቃችሁም” አልኩ። “ለማወቅ ያህል ነው።”

ወረደች። እኔም ቀጥሎ ወርጄ ቤቴ ገባሁ። የምግብ ጠረጴዛዬ ስምንት ወንበር አለው፤ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምቀመጠው በር አጠገብ ባለው ላይ ነው። ቆሎውን ፊቴ አፈሰስኩት። ገብሱን እየለቀምኩ በላሁ፤ ሽምብራው ተረፈ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ቤት አለኝ፣ ሦስት ሱቅ አለኝ፣ ጤናዬ ደህና ነው። ከመንገድ ያገኘሁት ወዳጅ አንድ ነበር። የአባቱን ስም አላውቅም።