በሣሩ ከተማ ለቅሶ ደረስን

በፈረንጆቹ 2020 በኮሮና ምክንያት የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ሲዘጉ የእንግዳ መኪና ማቆም ሥራዬም አብሮ ተዘጋ። አንድ ወዳጄ እህል ጎተራ ውስጥ ሥራ አገኘልኝና፣ እኔና ሚስቴ ከላስ ቬጋስ ተነሥተን ሜዳ ላይ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄድን። ከተማ ማለቴ ለክብሯ ነው። አንድ ጎዳና፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ የተዘጋ ትምህርት ቤት፤ የቀረው ሣር ነው። መኪናህን የትም ብታቆም የሚናገርህ የለም። በዓመቱ ሥራ ተመልሶ ቬጋስ ብንገባም፣ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ሚስቴ ግን ዝም ብላ ነበር። በዚያው ጸደይ እናቷ ደሴ ላይ ሞተው፣ በረራ ተቋርጦ፣ የቬጋስ ወዳጅ ሁሉ በስልክ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብሏት ቀረ። እንባ አልወጣትም። ያልወጣ ሀዘን ሰው ይጥላል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ፈራሁላት።

በመከር ከማዶ ያሉት አሮጊት ባላቸው ሞቱባቸው። የሰፈሩ ሰው ደግ ነው፤ ምግብ ሠርቶ በራፋቸው ላይ ያስቀምጥና አንኳኩቶ ይሄዳል። ሚስቴ በመስኮት አይታ፣ «ሀዘንተኛ ብቻውን ይበላል እንዴ?» አለች። ማስካችንን አድርገን፣ ከወጥ ቤት ሁለት ወንበር ተሸክመን፣ ግቢያቸው ውስጥ ራቅ ብለን ተቀመጥን። እንደ ወጋችን፣ ዝም።

አሮጊቷ መጋረጃውን ገልጠው አዩን። ቆይተው በሩን ከፈት አደረጉና፣ «የፈለጋችሁት ነገር አለ?» አሉ።

«የለም፤ ለመቀመጥ ነው» አልኩ። በእንግሊዝኛ ሲሉት ያስቃል። በሩ ተዘጋ።

በነጋታው «ይቅርብን፤ ፖሊስ ይጠሩብናል» ብላት፣ «ለቅሶ ደራሽ ታስሮ አያውቅም» ብላ ወንበሯን አነሣች። ምን ይደረጋል፣ ተከተልኳት።

በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ የራሳቸውን ወንበር ይዘው ወጡ። ስለ ባላቸው ያወሩን ጀመር፤ ምግብ ሳይቀምሱ ጨው የሚነሰንሱ ሰው ነበሩ አሉ። ሊስቁ ሲሉ አለቀሱ። ሚስቴም አብራቸው አለቀሰች፤ መጀመሪያ ለወጉ ነበር፣ ኋላ ግን ድምፅዋ ተለወጠና «እማ» እያለች ማባራት አቃታት።

አሮጊቷ የራሳቸውን ረሱ። ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቧ አመጡና፣ «ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉ።

«እናቴ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ሚስቴ በሰባራ እንግሊዝኛዋ፣ ለእኔ እንኳ ያልነገረችኝን ትነግራቸው ጀመር። ለቅሶ ቤት ደስ ማለት ነውር ነው፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ስለነበር ፊቴን ወደ ሣሩ አዞርኩ።