ተዋበች ከምሥራቅ

ሬዲዮ ጣቢያው ሐይቅ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይቶ የውይይት ዝግጅት የጀመረ ዕለት ማንም አልደወለም። ሰዓቱ በዘፈን አለቀ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጉልላት ፊታቸው አመድ መስሎ ሲወጡ፣ ካሰች ኮሪደሩን ስትወለውል አገኟት።

«አንቺ፣ ነገ ዕቃ ቤት ግቢና ደውዪ። ስምሽን ግን እንዳትናገሪ።»

«ታዲያ ማን ልበል?»

«ተዋበች በይ። ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ።»

ካሰች ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። በማግሥቱ ድምጿን ወፈር አድርጋ ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ አሞራ ገደል ገበያ የዓሣ ዋጋ የምታውቀውን ተናገረች። ወዲያው እውነተኛ ሰዎች «ተዋበች እንዳለችው» እያሉ ይደውሉ ጀመር።

እንዲህ እያለ አሥር ዓመት ሞላ። ተዋበች ሹማምንት ወቀሰች፣ ባልና ሚስት አስታረቀች፤ ካሰች ሽንት ቤት አጠበች። አንድ ቀን ተዋበች ስለ ፅዳት ሠራተኞች ደመወዝ አምርራ ብትናገር፣ አቶ ጉልላት «ግሩም አስተያየት!» ብለው አጨበጨቡ። ደመወዙ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቷ ጥሩወርቅ ደግሞ «አንቺም እንደ ተዋበች ብትናገሪ ምናለ? ዝም ብለሽ አረጀሽ እኮ» ትላታለች።

የአሥረኛው ዓመት በዓል ሲደርስ አድማጩ «ተዋበችን በአካል አሳዩን» አለ። ካሰች ያን ጊዜ ደፈረች።

«አቶ ጉልላት፣ አንድ ቀን እንኳን በስሜ ልጠራ።»

«ካሰች፣ ይሄ የጣቢያው ታሪክ ነው። በታሪክ አይቀለድም» አሉና የገዛ አማታቸውን የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው አመጡ። ወንበሩን የወለወለችላቸው ካሰች ናት።

ቀጥታ ሥርጭቱ ተጀመረ። አዘጋጇ ሐዳሳ «እማማ ተዋበች፣ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ያስታውሱታል?» ስትል አማቲቱ ማይኩ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ሬዲዮው ጭጭ አለ። አቶ ጉልላት ወደ ዕቃ ቤት ሮጡ።

«ካስዬ፣ በሞቴ ደውዪ!»

«ማን ልበል? ተዋበች እንደሆነች ውስጥ ተቀምጣለች።»

«ማንም ሁኚ! ብቻ ደውዪ!»

ሐዳሳ የዕቃ ቤቱን ቁጥር ስታይ እፎይ አለች። «ሄሎ፣ አድማጫችን ማን እንበል?»

«ካሰች ነኝ» አለች፣ ድምጿን ሳታወፍር። «ተዋበች የምትሏት...»

«ይቅርታ አድማጮቻችን፣ መስመሩ ተቋረጠብን።» ዘፈን ገባ።

ማታ ጥሩወርቅ በር ላይ ጠበቀቻት።

«ዛሬ ሬዲዮ ላይ ሞክሼሽ ደውላ ነበር። ገና አፏን ስትከፍት ቆረጡባት፣ ምስኪን!»

«ስሟ ተሰማ?»

«ጥርት ብሎ ነዋ!»

«ይበቃታል» አለች ካሰች፤ ገብታ ጫማዋን አወለቀች።