የእትዬ አንጓች ዳቦ ለማን ነበር

እትዬ አንጓች የውስጥ አርበኛ አልነበሩም። ወደ ጫካ አንዲት ቁራሽ ዳቦ አልላኩም። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ባለው አገራችን ግን ሰው ሁሉ «በልጆች ጨዋታ እያሳበቡ ለአርበኛ ስንቅ ያቀብሉ ነበር» ይላል። ሰው ሁሉ ተሳስቷል። ይህን የማውቀው መዝገብ አገላብጬ አይደለም። ዳቦውን የበላሁት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ልጆች ነበርን፤ ለአርበኛ ቀርቶ ለወፍ የሚሆን ፍርፋሪ አናስተርፍም ነበር።

ነገሩን ያስታወሰኝ የኮባ ሽታ ነው። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ከሚማርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ስብሰባ ተጠርቼ ሄድሁ። መነጋገሪያው አንድ ነበር፤ የልጆቹ የኳስ ቡድን ቅዳሜ ሲጫወት ብርቱካኑን ማን ያምጣ? ሊቀ መንበር ተመረጠ፣ ምክትል ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተመረጠ። ብርቱካን አምጪ ሳይመረጥ ሁለት ሰዓት አለፈ። በዚህ መካከል ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት ዝምተኛ እናት ዘምቢላቸውን ሲከፍቱ በኮባ የተጋገረ ዳቦ ሸተተኝ፤ ያረረ ቅጠል፣ እርጥብ ሊጥ፣ ጥቂት ጥቁር አዝሙድ። ከዚያ በኋላ ሊቀ መንበሩ የተናገረውን አልሰማሁም። የነበርሁት ከቤተ ክርስቲያናችን በታች ባለው መስክ፣ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ፣ ጥላ እየለካሁ ነበር።

ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምትባለው ከተማ ያኔ ወጀት ነበረች። የእኛ አጥቢያ ከወጀት ወደ ቡሬ ሲሄዱ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ከእኛ ወዲያ ባለው ጉብታ ላይ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ከልጆቹ የግማሹ አባት ጫካ ነው፤ የሌላው ግማሽ አባት ከምሽጉ ጠመንጃ ተቀብሎ ባንዳ ሆኗል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን እኛ የምንከፈለው በሌላ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የተወለደ ላይ ቤት ነው፤ ከበታቹ የተወለደ ታች ቤት። ቆልማማ ዱላችንን ይዘን ከወይራ ሥር የተጠረበችውን የእንጨት ኳስ፣ ጥንጓን፣ ስናሳድድ እንውላለን። ጥንጓ አጥንት ስታገኝ የምታሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ እግሬ ውስጥ አለ።

የገና ጨዋታ ችግሩ በጾም መካከል መምጣቱ ነው። ከፍ ከፍ ያልን ልጆች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ እየጾምንም እንሮጣለን። ከላይ ቤት ተጫዋቾች ሁሉ ሰነፉ ደምሌ የእትዬ አንጓች ልጅ ነበር። አንድ ቀን መስኩ መካከል ቆሞ ሳለ ወደቀ። ማንም አልመታውም፤ ጥንጓም አጠገቡ አልነበረችም። ርቦት ነው።

እትዬ አንጓች አጭር ሴት ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን አጭር አልነበረም። እህል ሲያሸት ማማ ላይ ወጥተው ዝንጀሮ ሲያባርሩ የማዶ ወንዝ ዝንጀሮም አብሮ ይሸሽ ነበር። የልጆቹን እናቶች የሰበሰቡት በዚያው ድምፅ ነው።

«ልጅ ያላችሁ ስሙ! ከነገ ጀምሮ ለልጆቹ ዳቦ በተራ ነው። እንቅቡ የደረሳት ሞልታ ታመጣለች።»

አንዲቱ እናት «ባሏ ጫካ ያለችውና ባሏ ባንዳ የሆነችው በአንድ እንቅብ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ያየሁት የልጅ ሆድ ነው» አሉ። «የባልሽን ጠመንጃ ማን ጋግሪው አለሽ?»

ሊቀ መንበር አልነበረም። እትዬ አንጓች ፊደል አይቆጥሩም፤ ነገሩን ሁሉ የሠሩት የማኅበር ጽዋ እንደሚዞረው አድርገው ነው። ልጆቹ በልተው ሲያበቁ ባዶውን እንቅብ አንስተው በሕዝብ ፊት ለባለ ተራዋ እናት ያስረክባሉ። ጽዋ የተቀበለ ሰው «አልተመቸኝም» እንደማይለው ሁሉ እንቅብ የተቀበለችም አትልም። ከዚህ ዳቦ የበላ ሁሉ ተራ አለበት፤ ልጅ ከበላ እናቱ ትጋግራለች። ሁለተኛው ሕግ ሰዓቱ ነው። ከዘጠኝ በፊት እንቅቡን የነካ በገዛ ዱላው ይመታል። እኔ ለአንዲት ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ሁለት ጊዜ ተመትቻለሁ፤ አንዱ ለቆሎዋ፣ ሁለተኛው «ማን ነው እርሱ?» ሲሉ ዝም በማለቴ።

ምግቡ ሁልጊዜ ጥሩ ነበር ብዬ አልዋሽም። የዳጉሳ ቂጣ ይዛ በመጣች እናት ልጅ እግር ላይ ያን ቀን ጥንጓ በተደጋጋሚ ታርፋለች፤ እናቱ አነባበሮ ያመጣችለትን ልጅ ግን ማንም አይነካውም። ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ዓይናችን ወደ እንቅቡ ይሄድ ስለነበር ላይ ቤቶች እንዲህ ብለን ገጠምን፦

የታች ቤት ጎበዞች ምነው መሮጣቸው፣
ጥንጓ ወዲህ ቀርታ ዳቦው ነው የጠራቸው።

መዓቱ የመጣው ከይሉኝታ ነው። አንድ ቀን በዓል ሆኖ ጨዋታ ቀረና ተራው ተምታታ። ሁለት እናቶች «የእኔ ነው» ብለው እያንዳንዳቸው ጋገሩ። ባሏ ባንዳ የሆነው ወይዘሮ ይታይሽ ደግሞ ሁለቱ ሲጋግሩ አይታ «ቆጠበች እንዳይሉኝ» ብላ ሳትጠየቅ ሦስተኛውን እንቅብ ሞላች። ሦስት እንቅብ ዳቦ በአንድ መንገድ ሲሄድ ያየ አንድ ሰላይ ወደ ምሽጉ ሮጠ። ቀትር ላይ የምሽጉ አዛዥ ካፒቴኑ በበቅሎ፣ አራት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ እንዲሁም አስተርጓሚው ቱርጁማን በእግር መጥተው መስኩን ከበቡ።

«ይህ ሁሉ ዳቦ ለማን ነው? ይላሉ» አለ ቱርጁማኑ።

«ለልጆቹ» አሉ እትዬ አንጓች።

«ሦስት እንቅብ?»

«ልጆቹን አላየሃቸውም እንዴ፣ ልጄ?»

ካፒቴኑ አየን። ምን እንዳየ አላውቅም፤ የእግራችን ቅጥነት ግን ለእትዬ አንጓች የሚመሰክር አልነበረም። ብዙ ተናገረ። ቱርጁማኑ አሳጠረው፦ «ልጆቹ አሁን እፊቴ ይብሉት። ሁሉንም ከጨረሱ የልጆች ነው። ከተረፈ የሽፍታ ስንቅ ነው፤ እርስዎም ታስረው ደብረ ማርቆስ ይወርዳሉ።»

ደብረ ማርቆስ የወረደ ሰው ሲመለስ አላየንም ነበር። ደምሌ የእናቱን ቀሚስ ያዘ። ዳቦው ፊታችን ነው፤ ሆዳችን ይጮኻል፤ አንድ እጅ ግን አልተዘረጋም። ጥላው ገና እግራችን ሥር ነበር። እኚሁ ሴትዮ በዱላ ያስተማሩንን ሕግ እንዴት በአንድ ቀን እንርሳው?

ካፒቴኑ በደስታ ጭኑን መታ። «አያችሁ? የነሱ ስላልሆነ አይነኩትም!»

እትዬ አንጓች «ብሉ» ቢሉን እንበላ ነበር። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ደምሌን አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ ከዋርካው ሥር የተቀመጡትን የደብሩን ቄስ አባ ፈንቴን አዩ። ከዚያ ወደ ቱርጁማኑ ዞሩ።

«በልልኝ፤ ሰዓቱ አልደረሰም። ዘጠኝ ሲሆን ይበላሉ።»

ካፒቴኑ ምን ነክቶት እንደጠበቀ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ምናልባት ሴትዮዋ ጊዜ ሲገዙ መስሎት፣ የሚመጣውን አርበኛ ሊይዝ ይሆናል። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የመጣ ግን የለም። እኛም ሥራ ከመፍታት ብለን ጨዋታችንን ቀጠልን። እንደዚያ ቀን ሮጠን አናውቅም፤ ለመራብ ነበርና የምንሮጠው። አስካሪዎቹ ወገን ለይተው ጮኹ። ካፒቴኑም አንድ ጊዜ ጥንጓ በጫማው ሥር ስታልፍ በእግሩ መለሳት፤ ወዲያው አፈረና ኮሌታውን አስተካከለ።

በመጨረሻ ከኪሱ ሰዓቱን አወጣና ብድግ አለ።

«ሦስት ሰዓት ሆኗል ይላሉ» አለ ቱርጁማኑ፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ።

«ሦስትማ ጧት አለፈ» አሉ አባ ፈንቴ።

ጫማ አያውቁም ነበር። ወደ መስኩ ወጡና የገዛ ጥላቸውን ተረከዝ ከጣት እያስነኩ ለኩት። ቀስ ብለው ቆጠሩ፤ መካከል ላይ ጠፋባቸውና እንደገና ጀመሩ። «ሁለት ጫማ ይቀረዋል» ብለው ተቀመጡ። ይቅር አይቅር እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ የማውቀው ያቺ ሁለት ጫማ የመጨረሻውን እንቅብ እንዳስጨረሰችን ነው።

«ደረሰ» ሲሉ ተነሣን። የመጀመሪያው እንቅብ ሳይታኘክ አለቀ። ሁለተኛው በዝምታ አለቀ። ሦስተኛው ላይ ጎበዞቹ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሸሹ፤ እኔ ራሴ ጉሮሮዬ ድረስ ሞልቼ ነበር። ያን ጊዜ ደምሌ ወደፊት ወጣ። ጥንግ መትቶ የማያውቅ፣ ቆሞ የሚወድቅ ደምሌ በሁለት እጁ በላ። ላይ ቤትም ታች ቤትም «አይዞህ! ግፋ!» እያለ ከቦት ቆመ። እንደዚያ የተጨበጨበለት ተጫዋች በዚያ መስክ አልታየም። ግን እርሱም ሰው ነው። የወይዘሮ ይታይሽ ትልቁ ዳቦ ግማሹ ሲቀር እጁ ወረደ።

ካፒቴኑ ወደ ግማሹ ዳቦ ጣቱን ቀሰረ።

እትዬ አንጓች ዳቦውን አነሱ፤ በሁለት እጃቸውም ይዘው እርሱ ፊት ቆሙ። «እኒህ ጌታ ከቀትር ጀምሮ አልቀመሱም። ሕፃን ሲበላ ቆሞ የሚያይ ሰው ያስፈራል፤ ይቅመሱልን በልልኝ።»

ቱርጁማኑ ተረጎመ። ካፒቴኑ ምሳ ያልበላ ሰው ነበር፤ ኮባውም ይሸታል። ቆረሰ። ዋጠ። ደግሞ ቆረሰ። የቀረውን እትዬ አንጓች ለአስካሪዎቹና ለቱርጁማኑ አደሉ። ማስረጃው በከሳሹ ሆድ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሦስቱንም እንቅብ ገልብጠው መታ መታ አደረጉ፤ ምንም አልወደቀም። ካፒቴኑ ከንፈሩን ጠርጎ «በቃ» የሚል ምልክት ሰጠና ወደ በቅሎው ሄደ።

እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እትዬ አንጓች ግን ተከትለውት ሄዱና ባዶውን እንቅብ ኮርቻው ላይ አስቀመጡለት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ቱርጁማኑ ደንግጦ።

«በልተዋል አይደል? ተራቸው ነው።»

«እማማ፣ እባክዎ፣ ይህንስ አልተረጉምም።»

«ተርጉም እንጂ፣ ልጄ! በነጻ ነው እንዴ የቆምኸው?»

ተረጎመ። ወይዘሮ ይታይሽ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ካፒቴኑ እንቅቡን አየ፣ አጭሯን ሴትዮ አየ፣ ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ። እንቅቡን እንደያዘ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን አንድ አስካሪ መለሰው፤ ሞልቶ ነበር። ወታደር የሚበላው ደረቅ ብስኩት ነው። አባ ፈንቴ አንዱን አንስተው «ቅቤ አለበት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ድንጋይ ነው አባ» አለ አስካሪው። «ድንጋይ ይፈስካል?»

ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን በላነው። አንዱን ሳንዘፈዝፍ በጥንግ ፋንታ ተጫወትንበት፤ እስከ ማታ አልተሰበረም። ያን ሰሞን ጫካ ያሉት አባቶቻችን ምሽጉ ላይ ሲተኩሱ እኛ ልጆቻቸው የምሽጉን ብስኩት እናኝክ ነበር። ስንቅ አቀበሉ ከሚለው ተረት ይህ አይሻልም? ግን ይህን የሚያወራ የለም።

ከድል በኋላ ለአርበኛ የረዱትን የሚመዘግብ ጸሐፊ መጣ። ለተመዘገበ መሬት ይሰጣል ተባለ። ጎረቤት ሁሉ ለእትዬ አንጓች ሊመሰክር ተሰለፈ። እርሳቸው መሬት የላቸውም፤ ደምሌ አንድ ጥማድ ቢያገኝ ሚስት ያገባ ነበር። እኔም ከመስካሪዎቹ መካከል ቆሜ ነበር፤ ልዋሽ ተዘጋጅቼ።

«ስንቅ ለማን አቀበሉ?» አለ ጸሐፊው።

«ለማንም። ለነዚህ ሆዳሞች ዳቦ አዞርሁ እንጂ።»

«እትዬ፣ ዝም ብለው እሺ ይበሉ» አልናቸው።

«ለዚያ ፈረንጅ የልጆች ነው ብዬ ልጄን ፊቴ አቁሜ ተናግሬአለሁ» አሉ። «አሁን የአርበኛ ነበር ካልሁ ያን ቀን እርሱ ልክ ነበር፤ እኔ ዋሾ ነበርሁ ማለት ነው።»

ጸሐፊው መዝገቡን ላይ ታች አገላበጠ። ለልጆች ዳቦ ላበላ ሰው የተሰመረ ቦታ አልነበረውም። ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

እትዬ አንጓች ያለ መሬትና ያለ ሜዳሊያ ሞቱ። ደምሌ ዘግይቶ አገባ፤ ጥንግ መምታት ግን አልተማረም። በዚያ አጥቢያ ታኅሣሥ ሲገባ እናቶች እስከ ዛሬ በተራ ይጋግራሉ፤ ተራውን ማን እንደጀመረው የሚጠይቅ የለም። ስማቸው የሚነሣው በሌላ ነው። ካፒቴኑ የጠረጠረውን፣ እርሳቸው በልጃቸውና በራሳቸው ሕይወት ተወራርደው የካዱትን፣ ዛሬ የገዛ ዘመዶቻቸው «እውነት ነበር» እያሉ ለእንግዳ ያወራሉ፤ ማክበራቸው ነው።

በዚያ መንገድ ካለፉና ስለ እትዬ አንጓች ከተጠየቁ «ልጆች አበሉ» ይበሉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይጨምሩ።