ጨርቋ ከቆመች እንቀመጣለን

ታላቅ ወንድሜ አያ ደሴ የመጨረሻዋን ደህና ቀን ያሳለፈው ከሐጂ ኑሩ ጋር ሲቀላለድ ነው። ሐጂ ከጎንደር የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ሦስት ጥቅል አቡጀዲ ይዘው ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ቆመዋል። ማዶ ገበያ ለመድረስ ቸኩለዋል።

ደሴ በጀልባችን ምሰሶ ጫፍ ላይ የታሰረችውን የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አየ። የነፋስ መለኪያችን እሷ ናት። ከተንጠለጠለች እንቀዝፋለን። ከተርገበገበች ሸራ እንዘረጋለን። እንደ ዱላ ቀጥ ብላ ከቆመች እንቀመጣለን።

ቆማለች።

«ምነው ደሴ፣ ነፋስ መፍራት ጀመርክ?» አሉ ሐጂ።

«እኔስ ዋና እችላለሁ። የማይችለው አቡጀዲው ነው።»

«ገበያው ሊያልፈኝ ነው እኮ!»

«ገበያ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ሐጂ። ነገ ጧት ይምጡ፣ ራሴ አሻግርዎታለሁ።»

እያጉረመረሙ ከእኛው ጋር ሻይ ጠጡ።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩ ሰሞን ነው። በመጀመሪያው ቀን ደሴ ነፋሱን እንዳይ ላከኝ። ጨርቋ ተንጠልጥላለች። «ሸጋ ነው፣ እንውጣ!» ብዬ ጮህኩ። ደሴ መጥቶ ጨርቋን አወረደና ጨመቃት። ውሃ ተንጠባጠበ። ለካ ጧት ጀልባውን ሳጥብ እኔው ነክሬያታለሁ። በፀሐይ አድርቆ ሲያስራት ቀጥ ብላ ቆመች።

«እርጥብ ጨርቅ ዋሾ ነው። አስተማሪዎችህ ይህን አልነገሩህም?» አለኝ። ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ለአንድ ወር ስሜ «እንውጣ» ሆኖ ቀረ።

ሐጂ ሻይ ጠጥተው በሄዱበት በዚያው ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ ደሴ «ደረቴን አመመኝ» አለ። ባጃጅ ላይ አሳፈርነው። ጤና ጣቢያ ሳንደርስ አለፈ። እንዴት እንደሆነ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ።

በማግስቱ ጧት ማዶ ባለው ደብራችን ልንቀብረው ዳር ወረድን። ካህናቱ እዚያ ይጠብቃሉ። ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። ጀልባዋን ለመንዳት ከቤታችን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አጎታችን አያ ታደሰ ምሰሶውን አዩ። «ይኸው ተንጠልጥላለች። ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

ጨርቋን አውርጄ ጨመቅኋት። ውሃ ወረደ። ድንጋይ ላይ አሰጣኋት። ለቀስተኛው ሁሉ ያየኛል። ስትደርቅ መልሼ አሰርኋት።

ቆመች።

«አንሄድም» አልኩ።

«ወንድምህን ሜዳ ላይ ልታውለው ነው? ካህናቱን ምን እንበላቸው?»

ሐጂ ኑሩ እንደ ቀጠሯቸው በማለዳ፣ ሬሳው ከቤት ሳይወጣ መጥተው መርዶውን ዳር ላይ ነው የሰሙት። ከአንዱ ጥቅል ለመገነዣ ቀደው የሰጡንም እሳቸው ናቸው። ቀረብ ብለው፣ «ልጁን ስሙት» አሉ። «አቡጀዲው ዋና አይችልም።»

አያ ታደሰ ነገሩ ባይገባቸውም ተቀመጡ። እኔ ግን እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ አመለጠኝ።

አራት ሰዓት ሲሆን ጨርቋ ወርዳ መርገብገብ ጀመረች። ሸራውን ዘርግቼ ወንድሜን አሻገርኩት።

ጀልባ ለምትጀምሩ ያለኝ ይህ ነው። ጨርቋን ጨምቃችሁና አድርቃችሁ እዩ። ከቆመች አትውጡ፤ የሚጠብቃችሁ ማንም ይሁን።